ሦስት ኮከብ፦ የደርሃም የእግር ጉብኝትና የተዘለሉት ፕሮፌሰር

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ሦስት ኮከብ እንዲሁ ሲያዩት የይሉኝታ ነጥብ ስለሚመስል ምክንያቴን ልናገር።

የምገመግመው ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ ውስጥ የሚደረግ የእግር ጉብኝት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ትንሽ ድርጅት ነው፤ የልጆቹን እንጀራ መንካት አልፈልግም። ዋጋው ለአንድ ሰው 30 ዶላር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ይላሉ፤ እኛን በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አሰናበቱን። የተረፈችው ሃያ ደቂቃ ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ።

ደርሃም ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ መኪና መንዳት ነው፤ በስልክ ይጠሩኛል፣ አደርሳለሁ። አገር ቤት እያለሁ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን አሠለጥን ነበር። ለአሠልጣኝነቱ የሚከፈለኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም ልጆቹ ሲያሸንፉ ለስላሳ የምገዛው ከኪሴ ነው። ርዕሰ መምህራችን አንዴ በስብሰባ ላይ "እኚህ መምህር ፈተናው ላይ ኦፍሳይድ እንዳያስገቡብን እሰጋለሁ" ብለው መምህራኑን ሁሉ አስቀውብኛል። አልተቀየምኳቸውም። ግን ሁለቱ ሥራዎች ለምን እንደማይገናኙ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም።

ማታ ማታ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እጭናለሁ። "ክሮዌል ኳድ" ይላሉ። የሰዓት ማማ ያለው የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ተማሪዎች ያድሩበታል። ስንት መቶ ጊዜ አድርሻለሁ! አንድ ቀን ተሳፋሪዬ ሲዘገይብኝ ስሙን ስልኬ ላይ ፈለግሁት። ጆን ፍራንክሊን ክሮዌል። የኮሌጅ ፕሬዚዳንት። ኢኮኖሚስት። የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ። ተሳፋሪዬ ሲገባ ብቻዬን እየሳቅሁ አገኘኝ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ ሰውዬው አነበብኩ። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለቅዳሜና እሁድ ስትመጣ "ከተማህን አሳየኝ" ብትለኝ፣ እኔ ከማወራ የሚያውቁት ያውሩልን ብዬ ይህን ጉብኝት ገዛሁ። ማስታወቂያው ላይ "የዱክ አጀማመር" የሚል መስመር ስላለ ክሮዌል አይቀሩም ብዬ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ ትሑትና ድምፁ የሚሰማ ልጅ። ዘጠኝ ሆነን በድሮው የአሜሪካን ቶባኮ ፋብሪካ ግቢ ጀመርን። ስለ ትምባሆው ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። ዋሽንግተን ዱክ የሚባለው ገበሬ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ተመልሶ ከልጆቹ ጋር ትምባሆ መሸጥ እንደጀመረ፣ ልጁ ጄምስ ሲጋራ የሚጠቀልል ማሽን አስገብቶ ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ እንዴት እንደዋጠ፣ በ1890 ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ግዙፍ ኩባንያ እንዳደረገው፣ በ1911 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞኖፖሊ ነው ብሎ እንደበታተነው ተረከልን። ክፍል ውስጥ ሞኖፖሊን ሳስተምር ይህን ታሪክ አለማወቄ ቆጨኝ።

ፓሪሽ ጎዳና ላይም አልሰነፈም። በ1898 የተመሠረተው የጥቁሮቹ የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ኖርዝ ካሮላይና ሙቹዋል፣ የነበረበት ጎዳና ነው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሆኖ ኢንሹራንስ መሸጥ ምን ማለት እንደነበር ልጁ ሳያጋንንም ሳያሽሞነሙንም ተናገረ። የአጎቴ ልጅ ነርስ ናት፤ ነገር አታሳልፍም። "እኛንስ ዱክ መቼ ነው የተቀበለን?" ብላ ጠየቀችው። በ1963 ነው የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥቁር ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የገቡት አላት። አልተንተባተበም። ከሦስቱ ኮከቦች ሁለቱ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ቁልቁለት ሆነ።

አንደኛ፣ የጆሮ ማዳመጫው። ለእያንዳንዳችን ትንሽ ማዳመጫ ሰጥተውናል፤ የእኔ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ባትሪው አለቀ። ትርፍ የለንም አሉኝ። በሐምሌ ፀሐይ ልጁን ተጠግቼ እየሄድኩ፣ ጆሮዬን እንደ ደንቆሮ አዘነበልኩ። ሁለተኛ፣ ውኃ ይኖራል ተብሎ ውኃው ለዘጠኝ ሰው አራት ጠርሙስ ነው። ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ቀድመው አይናገሩም፤ የአጎቴ ልጅ አንድ ካፌ ገብታ ያልፈለገችውን ኩኪስ ገዝታ ወጣች። እነዚህን ሁሉ እችላለሁ።

ያልቻልኩት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ኢስት ካምፓስ ስንደርስ የሆነውን ነው። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር የከበበው፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት፣ ደስ የሚል ግቢ ነው። ልጁ ወንበር ላይ የተቀመጠው የዋሽንግተን ዱክ ሐውልት ፊት አቆመንና "ይኸው፣ ጄምስ ዱክ በ1924 በ40 ሚሊዮን ዶላር ዩኒቨርሲቲውን መሠረተው" አለ። ቀጥሎ ቅርጫት ኳስ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቅርጫት ኳስ! ዱክና የቻፕል ሂሉ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚጠላሉ፣ ተማሪዎች ለትኬት ድንኳን ውስጥ እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚጮኹ። ጥሩ ወሬ ነው፤ ማንም ሹፌር ግን ይነግራችኋል። እኔም በነጻ እነግራችኋለሁ።

እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ።

"ከ1924 በፊትስ ምን ነበር?" አልኩት።

"ትንሽ የሃይማኖት ኮሌጅ ነበር" አለና ሰዓቱን አየ።

ወደ መውጫው ስንሄድ በቀይ ጡቡ የክሮዌል ሕንፃ አጠገብ አለፍን። አሁን ውስጡ ተማሪዎች የሚያስተዳድሩት ቡና ቤት አለ፤ ሙዚቃ ይቀርብበታል። ልጁ በጣቱ እያሳየ "የቆየ ሕንፃ ነው፤ ማታ ኮንሰርት አለው" አለ። አበቃ። እግሩን እንኳ አላቆመም። የአጎቴ ልጅ ፊቴን አይታ "ጋሼ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ። ምን እንደሆንኩ መንገዱን ሙሉ ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ድርጅቱም ቢያነብ አይጎዳውም።

ኮሌጁ ስሙ ትሪኒቲ ነበር። ደርሃም ውስጥ አይደለም፤ ከ60 ማይል በላይ ርቆ፣ ራንዶልፍ አውራጃ፣ ገጠር ነው የነበረው። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ነው፤ ገንዘብ የለው፣ ተማሪ የለው። በ1887 አዲስ ፕሬዚዳንት ሲሾምለት ሰውዬው ገና 29 ዓመታቸው ነው። ክሮዌል የተወለዱት ፔንሲልቬንያ፣ ዮርክ ከተማ ነው፤ በ1883 ከዬል ተመርቀዋል። የሰሜን ሰው፣ ጺማቸው ገና ያልጠና፣ ደቡብ ገጠር ገብተው ኮሌጅ ይመራሉ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 22 ዓመቱ ነው። አስቡት።

ዬል በነበሩበት ዘመን ዋልተር ካምፕ የሚባለው ሰው እዚያው ይጫወት ነበር። የአሜሪካ ፉትቦል ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በአብዛኛው በእሱ እጅ ነው። ክሮዌል ያንን አዲስ ጨዋታ ይዘው መጡ። ትሪኒቲ ደርሰው ቤተ መጻሕፍቱን ማስፋፋት፣ ትምህርቱን ማደስ ጀመሩ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጆቹን ሜዳ አውጥተው ያሠለጥናሉ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው! የእኔ ርዕሰ መምህር ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ኅዳር 29 ቀን 1888 የታንክስጊቪንግ በዓል ዕለት ነበር። የትሪኒቲ ልጆች ራሊ ከተማ ሄደው ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ገጠሙ፤ አዎ፣ ያው ከቻፕል ሂሉ። የስቴቱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ በአንድ በኩል፣ የገጠር ኮሌጅ በሌላ በኩል። ትሪኒቲ 16 ለ0 አሸነፈ። ልጁ ሃያ ደቂቃ ያወራለት ጠብ በቅርጫት ኳስ አልተጀመረም ማለት ነው። ያኔ ቅርጫት ኳስ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም፤ የተፈጠረው በ1891 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ አሠልጣኝ ነኝና ደስ ይለኛል። የዚያን ዘመን ፉትቦል ዛሬ በቴሌቪዥን የምታዩት አይደለም። ኳሱን ወደ ፊት በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በ1906 ነው። ኳሱ ራሱ እንደ ዛሬው የሾለ ሳይሆን ወፈር ያለ ዱባ ቢጤ ነበር። በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ ካልገፋህ ኳሱን ታስረክባለህ። መስመር አልፈህ ስታገባ አራት ነጥብ፣ ከዚያ በእግር ስትመታ ሁለት ነጥብ፤ ከሜዳ በእግር መትተህ ብታገባ ግን አምስት። ከመግባት መምታት ይበልጣል ማለት ነው! ለእኛ ለእግር ኳስ ሰዎች ይሄ ሕግ ሲጣፍጥ። የራስ ቁር ብሎ ነገር የለም፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ መግፋት ነው። እና ይህን ለገበሬና ለቄስ ልጆች አስተምረህ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ማሸነፍ። ቡድን ያሠለጠነ ያውቀዋል። የታክቲክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ እንደሚችሉ ማሳመን ነው ዋናው።

ክሮዌል ያሠለጠኑት በ1888 እና በ1889 ነው። ፕሬዚዳንት ሳሉ በ1891 ቡድኑ ሦስት ተጫውቶ ሦስቱንም አሸነፈ፤ ከነዚያ መካከል ፈርማንን 96 ለ0 ያደረገበት አለ። 96! የተሸናፊው በረኛ ቢኖር አዝንለት ነበር፤ ደግነቱ በዚህ ጨዋታ በረኛ የለም።

የአጎቴ ልጅ እዚህ ስደርስ "እሺ ኳሱስ ይሁን፤ ኢኮኖሚክሱ የታለ?" አለችኝ። እሱማ የከተማው ጉዳይ ላይ ነው።

ክሮዌል ኮሌጁ ገጠር ከተቀመጠ እንደሚሞት ገባቸው። ኮሌጅ ያለ ከተማ፣ ያለ ባቡር፣ ያለ ኢንዱስትሪ አይኖርም አሉ። መምህራኑና የመንደሩ ሰው ቅር አላቸው፤ እሳቸው ግን ከተሞቹን ማወዳደር ያዙ። ራሊ 35,000 ዶላር አቀረበች፤ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደርሃም ገባች። ዋሽንግተን ዱክ 35,000ውን እኔም እሰጣለሁ፣ በላዩ 50,000 እጨምራለሁ አለ፤ በድምሩ 85,000። ሌላው የትምባሆ ባለጸጋ ጁልያን ካር ደግሞ 62 ኤከር መሬት ሰጠ። (ካር የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ስለነበር ስሙ በ2018 ከግቢው ሕንፃ ተነሥቷል።) መሬቱ ብላክዌልስ ፓርክ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። እኛ ዘጠኛችን ባትሪ ያለቀበት ማዳመጫ ይዘን የዞርነው ግቢ ማለት ነው! የውርርድ ሜዳ ወደ ሜቶዲስት ኮሌጅ ተቀየረ። አስጎብኚ ሆኜ ይህን ብዘል ራሴን አልምርም።

ታሪኩ አላለቀም። ኮሌጁ በ1891 ሊዛወር ተዘጋጅቶ ሳለ፣ የዋናው ሕንፃ ማማ ተናደ። ሥራው አንድ ዓመት ዘገየ፤ ደርሃም ላይ በር የተከፈተው በ1892 ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1893፣ አገሪቱን የገንዘብ ቀውስ መታት። አዲስ ግቢ፣ አዲስ ወጪ፣ ባንኮች ይዘጋሉ። በ1894 ክሮዌል ሥራቸውን ለቀቁ። ሰባት ዓመት ነው ጠቅላላው። ተተኪያቸው ጆን ኪልጎ ከመጡ በኋላ፣ በ1895 ፉትቦል ታገደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨዋታውን የሚጠሉት ብዙ ነበሩ። ወደ ግቢው የተመለሰው በ1920 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ኳስ የለም። ይህን ሳነብ ሜዳችን ላይ የመማሪያ ክፍል የተሠራ ቀን ትዝ አለኝ። ክፍሉ ያስፈልግ ነበር፤ እሱን አልክድም። ልጆቹ ግን በማግስቱ የት ይጫወቱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯቸው ሙሉ በሙሉ የኢኮኖሚክስ ነው። ስሚዝ ኮሌጅ ገብተው የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ክፍሉን መሩ፤ ገና 40 ሳይሞላቸው፣ በ1897፣ ከኮሎምቢያ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ኮሌጅ መርተው፣ ከተማ አዛውረው፣ ቡድን አሠልጥነው፣ ከዚያ ተመልሰው ተማሪ ሆኑ። ይህን ስነግራት የአጎቴ ልጅ ዝም አለች። ሁለታችንም አሜሪካ ገብተን እንደገና ተማሪ ሆነናልና ታውቀዋለች፤ በወጣት አስተማሪ ፊት፣ ከልጆች ጋር፣ ትንሿ ወንበር ላይ።

በ1901 ለመንግሥት የኢንዱስትሪ ኮሚሽን ስለ እርሻ ምርት ሥርጭት ትልቅ ሪፖርት ጻፉ፤ ምርቱ ከገበሬው ተነሥቶ ሸማቹ እጅ እስኪገባ በማን በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ በመንገድ ላይ ዋጋው ምን እንደሚሆን። እኔ ይህንኑ ትምህርት በሽንኩርት ነበር የማስተምረው። ለዎል ስትሪት ጆርናልም ሠርተዋል። በ1915 ደግሞ ስለ ትረስቶች (ገበያውን ጠቅልለው ስለሚይዙ ግዙፍ ኩባንያዎች) እና ስለ ውድድር መጽሐፍ አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ኮሌጃቸውን ከተማ ያስገባላቸው ገንዘብ ከዚያው ፍርድ ቤት ከበታተነው የትምባሆ ቤተሰብ የመጣ ነው። አስጎብኚው ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ የጀመረውን የሞኖፖሊ ታሪክ እዚህች ቀይ ሕንፃ ፊት ላይ ሊቋጨው ይችል ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም! እሱ ግን ወደ ኮንሰርቱ ሄደ።

ክሮዌል የሞቱት በ1931 ነው። የሰዓት ማማው ያለበት ዌስት ካምፓስ በ1930 ሲከፈት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለከተማው እንግዳ ከሆናችሁ ጉብኝቱን ግዙ፤ ፋብሪካውና ፓሪሽ ጎዳና ብቻቸውን 20 ዶላር ያወጣሉ። ለዱክ ብላችሁ ከሆነ ግን አትግዙ። ኢስት ካምፓስ መግቢያ አይከፈልበትም፤ አጥሩን ተከትላችሁ ራሳችሁ ዙሩ። ከክሮዌል ሕንፃ ሌላ ኤፕዎርዝ የሚባለውን እዩ፤ እሱም ከ1892 ጀምሮ ያለ ነው። ሐምሌ ላይ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ውኃ ያዙ፣ ማዳመጫው ሲሰጣችሁ ባትሪውን አስፈትሹ። ልጁን ጉርሻ አትንፈጉት፤ እኛ አሥር ዶላር ሰጠነው፤ ጥፋቱ ጽሑፉን ያዘጋጀለት ሰው ነው።

ይህንኑ አሳጥሬ ለድርጅቱ በኢሜይል ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን መለሱ። ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ለሚቀጥለው ጉብኝትዎ 10 በመቶ ቅናሽ አድርገናል ይላል። ስለ ክሮዌል አንዲት ቃል የለም። ለአጎቴ ልጅ በስልክ ሳነብላት "ኢኮኖሚስት አይደለህ? አስላዋ" ብላ ሳቀችብኝ። 27 ዶላር ይመጣል። ቀይዋ ሕንፃ ፊት አምስት ደቂቃ የምትቆሙ ከሆነ ሙሉውን 30 እከፍላለሁ ብዬ መልሼ ጽፌያለሁ። እስካሁን አልመለሱም።